በ2017 የቀረው ኮምፒውተር፦ የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

ችግሩ በመጨረሻ የተፈታው ሃያ አምስት ሳንቲም በምታክል ባትሪ ነው። እስኪፈታ ድረስ ግን አንድ ቤተሰብ ከሦስት ወር በላይ ተንገላቷል፤ ኮምፒውተሩ ያለ ጥፋቱ ፎርማት ተደርጓል፤ ፎቶ ጠፍቷል። እኔም ከገባሁበት በኋላ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስህተቶቼን እንዳሉ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ጉዳዩን እንድጽፈው ያነሳሱኝም እነሱ ናቸው። ሰዎቹንም ድርጅቶቹንም በስም አልጠራም።

ቤቱና ኮምፒውተሩ

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እናት አሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የሆነች ልጅ አለች፣ አሥረኛ ክፍል የሆነ ወንድሟ አለ። ኮምፒውተሩ ከውጭ የገባ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት በፈረንጆቹ 2012 እንደተሠራ ይናገራል። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ለአሳይመንት፣ ለኢሜይልና ለፎቶ ማስቀመጫ ይበቃቸዋል።

የቤቱን አንድ ልማድ እዚህ ልጥቀስ። አባት ማታ ከመተኛታቸው በፊት የማከፋፈያውን ማብሪያ ያጠፋሉ። ኮምፒውተሩ ከተዘጋም በኋላ መብራቱን ከምንጩ ይቆርጡበታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ በሚያቃጥልበት ከተማ ይህ ጥሩ ልማድ ነው። እኔም ቤቴ እንደዚያው አደርጋለሁ።

ችግሩ

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ኮምፒውተሩ ጠዋት ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እያወጣ መቆም ጀመረ። ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን ይላል። ልጁ ይጫናል፣ ዊንዶውስ ይነሳል። በሳምንቱ ኤፍ 1 መጫን ማብሪያውን እንደመጫን የተለመደ ሥራ ሆነ። ከላዩ ያለውን ጽሑፍ ያነበበው የለም።

ቀጥሎ ኢንተርኔቱ «ሄደ»። ጂሜይል አይከፈትም፣ ጎግል አይከፈትም፣ ልጅቷ ውጤት የምታይበት የዩኒቨርሲቲው ገጽ አይከፈትም። ክሮም በየገጹ ፋንታ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፦ ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል። ልጅቷ ለአባቷ ነገረቻቸው። ቀኑን ሲያዩት እውነትም 2012 ይላል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደርና የእጅ ሰዓታቸውን አይተው በጥንቃቄ አስተካከሉት። ማስጠንቀቂያው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ሰዓቱማ ልክ ነው። ይሄ ቫይረስ ነው» አሉ።

በዚያ ላይ እርስ በርሱ የማይገናኝ የሚመስል ነገር ተከተለ። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ይሠራል። በዚያው ዋይፋይ የሁሉም ስልክ ይሠራል። ልጅቷ ሌሊት ጽፋ ያስቀመጠችው ፋይል ደግሞ ጠዋት «ይጠፋል»። ፎልደሩ በቀን ቅደም ተከተል ተደርድሮ ስለነበር፣ በ2012 የተቀመጠ የመሰለው አዲስ ፋይል ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከሁሉም በታች ተቀብሮ ነበር። እሷ ግን ከላይ ፈልጋ ስታጣው እንደገና ትጽፈዋለች። አንድ አሳይመንት ሁለት ጊዜ ሠርታለች።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

መጀመሪያ ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ተደወለ። ሠራተኛ መጣ፣ በስልኩ ሞከረ፣ «መስመሩ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩን አሳዩ» ብሎ ሄደ። ልክ ነበር።

ኅዳር ላይ ኮምፒውተሩ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ተወሰደ። እዚያ ቫይረስ ነው ተባለና ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ። ዲስኩ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረው በላዩ ያለው ሁሉ ተጠረገ። ልጅቷ አሳይመንቶቿን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ነበር። የቤተሰቡ ፎቶ ግን ሌላ ቦታ አልነበረም። ሱቁም «ዳታ ይኑር አይኑር» ብሎ አልጠየቀም።

ሱቁ ውስጥ ሁሉም ነገር ተከፈተ። ኮምፒውተሩ በታክሲ ቤት ደረሰ፣ ተሰካ፣ ኤፍ 1 ተጫኑ፣ ያው ማስጠንቀቂያ። ሱቁ ሲደወልለት «እዚህ ሠርቷል፤ ችግሩ የቤታችሁ ኢንተርኔት ነው» አለ። አቅራቢው ኮምፒውተሩ ነው አለ፣ ሱቁ ኢንተርኔቱ ነው አለ። ቤተሰቡ መሀል ቀረ።

ይህን ታሪክ ስሰማ ልነቃ ይገባ ነበር። ሱቅ የሠራ ማሽን ቤት ሲደርስ ካልሠራ፣ መንገድ ላይ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው። መንገድ ላይ የሆነው አንድ ነገር ነው፤ ከመብራት ተነቅሏል።

ምርመራው

የተጠራሁት ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ፣ ጥር 18 ነው። ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ደረስኩ። ማስጠንቀቂያውን አየሁት። ወደ ቀኝ ታችኛው ጥግ ዞር ብዬ ሰዓቱን አየሁት፤ 3:40 ይላል፣ ከሥሩ 2017። እጄ ላይ ያለውም 3:40 ነው። ዓመቱም 2017 ነው። ሰዓቱ ልክ ነው አልኩና አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል አቃጠልኩ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። የዲኤንኤስ ማስታወሻውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚይዝበትን፣ አጸዳሁ። ክሮምን ትቼ ኤጅ በሚባለው ሌላ ብራውዘር ሞከርኩ፣ ያው። የሚጠቅም ነገር ያደረግሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ ኮምፒውተሩን አገናኘሁት። ያው ማስጠንቀቂያ መጣ። የቤቱ መስመር ነጻ ወጣ።

እናት ቡናውን ሲያቀርቡ ማስጠንቀቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ክሮም ኮምፒውተሩ የሚያስበውን ቀን ሙሉውን ይጽፈዋል፦ ሐሙስ፣ ሜይ 18፣ 2017፣ 3:58 ኤኤም።

ሐሙስ? ዛሬ እሁድ ነው።

በዚች በአንዲት ቃል ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። አባት ኮምፒውተሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የሞሉት። ጥር ከመስከረም ሲቆጠር አምስተኛ ወር ነው፤ ከወሮቹ ዝርዝር አምስተኛውን መረጡ፣ ሜይ ሆነ። ቀኑን 18፣ ዓመቱን 2017፣ ሰዓቱን ከእጃቸው እንዳነበቡት ሞሉ። ለኮምፒውተሩ ግን ያ ማለት ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ሐሙስ፣ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። እውነተኛው ቀን ጃንዋሪ 26፣ 2025 ነበር። ክሮም ሦስት ወር ሙሉ እውነቱን ሲናገር ነበር፣ እኛ ነን ያላመንነው። ዓመቱ 1998 ቢል ኖሮ ማንኛችንም እንነቃ ነበር። 2017 ግን የእኛው ዓመት ስለነበረ ዓይን ላይ አልከበደም።

ሰዓት ሲሳሳት ኢንተርኔት ለምን ይቆማል

ማንኛውም አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ገጽ ማንነቱን የሚያሳይ ሰርተፍኬት ይዞ ይመጣል። እንደ መታወቂያ ነው፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ፣ በ2025ም ጭምር፣ አንድ ሰርተፍኬት ከ398 ቀን በላይ እንዲያገለግል አይፈቀድም ነበር። ብዙዎቹ የ90 ቀን ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በ2025 የምንከፍተው ገጽ ሰርተፍኬት የተሰጠው ቅርብ ጊዜ ነው። 2017 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያምን ኮምፒውተር ይህ መታወቂያ ገና ያልተሰጠ ነው። ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ ማንም ዘበኛ አያስገባም። ቴሌግራም የተረፈው የራሱን የመገናኛ ሥርዓት (ፕሮቶኮል) ስለሚጠቀም ነው።

ሰዓቱ እንዴት እንደጠፋ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ክሪስታል አለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የምትቆጥረው እሷ ናት። በባትሪ የሚቆይ ሰዓት በ1984 ከወጣው ከአይቢኤም ፒሲ ኤቲ ጀምሮ በቤት ኮምፒውተሮች ውስጥ የተለመደ ነው። ማሽኑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ቢዘጋም እንኳ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ትንሽ መብራት ስለሚደርስ ባትሪው አይነካም። ሲነቀል ወይም ማከፋፈያው ሲጠፋ ብቻ ነው ሥራው በባትሪው ላይ የሚወድቀው። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ በኮንቴይነርና በመጋዘን ከመብራት ተነቅለው ወራት ያሳልፋሉ። እዚህ ሲደርሱ ባትሪያቸው ብዙ ጊዜ ጣር ላይ ነው።

ያ ማንም ያላነበበው ጽሑፍ የሚለውም ይህንኑ ነበር፤ የማዘርቦርዱ ማስታወሻ ተሰርዟል፣ ቀኑን አስተካክል።

ያልሠራው ጥገና

የመጀመሪያ ስህተቴ ዓመቱን አለማየቴ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካየሁት በኋላ መጣ። ቀኑን በእጄ አስተካከልኩ፣ ሁሉም ገጽ ተከፈተ፣ ልጅቷ አጨበጨበች፣ ሦስተኛውን ቡና ጠጥቼ ተመርቄ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ማታ ማከፋፈያው ጠፍቷል፣ ሰዓቱ ወደ 2012 ተመልሷል፣ አባትም እንደ ልማዳቸው ወደ 2017 «አስተካክለውታል»።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ዊንዶውስ ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት አይወስድም ወይ?» ይል ይሆናል። ይወስዳል። ግን ወሰን አለው። ለብቻው በቆመ የቤት ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ በራሱ አያርምም። ስድስት ሰዓት ቢሳሳት ያርመዋል፤ ስምንት ዓመት ሲሆን ግን ይተወዋል። መጀመሪያ ሰው ቀኑን ወደ እውነተኛው ማቅረብ አለበት።

ረቡዕ ባትሪ ልገዛ ሄድኩ። የሚፈለገው ሲአር 2032 ነው። ባለ ሱቁ ሲአር 2025 ሰጠኝ። «ያው ነው፣ ሁለቱም ሦስት ቮልት ነው» አለኝ። ቁጥሩ ልናስተካክለው የምንታገለው ዓመት ሆኖ ሳየው ሳቅ መጣብኝ፣ ሳልከራከር ወሰድኩት። ያው አይደለም። የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች ስፋቱ 20 ሚሊሜትር መሆኑን፣ የኋለኞቹ ውፍረቱን ይናገራሉ፤ አንዱ 2.5 ሚሊሜትር፣ ሌላው 3.2 ሚሊሜትር ነው። ቀጭኑ መያዣው ውስጥ ይላላል። ሁለት ሌሊት ያዘ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ከሥር ሊጠርግ ሳጥኑን ገፋ ሲያደርገው ሰዓቱ እንደገና ጠፋ።

የሠራው ጥገና

ቅዳሜ ትክክለኛውን 2032 ይዤ ሄድኩ። ገመዱን ከጀርባው ነቀልኩ፣ የቀረ መብራት እንዲወጣ ማብሪያውን ተጭኜ ጥቂት ቆየሁ። የጎኑን ክዳን ከፍቼ የሳጥኑን ብረት ነካሁ፤ ከሰውነት የሚወጣ ስታቲክ ማዘርቦርድ ይጎዳልና። ባትሪውን የያዘችውን ትንሽ ብረት በጥፍር ገፋ ሲያደርጓት ባትሪው ራሱ ብቅ ይላል። ከማሽኑ ጋር የመጣውን አሮጌ ባትሪ ከኪሴ አውጥቼ በቴስተር ለካሁት፤ አንድ ቮልት እንኳ አልሞላም። አዲሱ 3.2 አሳየ። የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጌ አስገባሁት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ 2025ቱ ያንን ድምፅ አላሰማም ነበር።

ስከፍተው የመጨረሻው ኤፍ 1 መጣ። ወደ ባዮስ፣ ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ገብቼ ቀኑንና ሰዓቱን በፈረንጅ ሞላሁ። አሮጌ ማሽን ላይ ይህን ስታደርጉ የዲስኩ አሠራር ምርጫ አብሮ ተቀይሮ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ከተቀየረ ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል፤ ሰውም ዲስኩ ሞተ ብሎ ይደነግጣል። እዚህ አልተቀየረም።

ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ አዘዝኩት። ሰዓቱ 11 ሰዓት ወደኋላ ተፈተለከ! ሱቁ ዊንዶውስ ሲጭን የሰዓት ክልሉን የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ትቶት ነበር። ይህን ሰዓቱን በመቀየር ማስተካከል ያምራል፤ ግን ስህተት ነው፤ መቀየር ያለበት ክልሉ ነው። ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባን አትፈልጉ፣ የለችም። ሦስት ሰዓት ሲደመር ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ።

ሥራው አልቋል ያልኩት ግን ያን ዕለት አይደለም። ከሰኞው ተምሬያለሁ። አባትን አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ «ጋሼ፣ ዛሬ ማታም እንደወትሮው ማከፋፈያውን ያጥፉ። ጠዋት ግን ሰዓቱን ምንም ይበል አይንኩብኝ፤ ይደውሉልኝ።» እሁድ ጠዋት ደወሉ። «ኤፍ 1 የለም፤ ግን ዓመቱ ስህተት ነው፣ 2025 ይላል» አሉኝ።

ካሌንደሩ

የጉዳዩ ሁለተኛ ግማሽ ይኸው ነው። ባትሪው ብቻ ቢቀየር አባት በሁለተኛው ቀን ወደ 2017 ይመልሱት ነበር። ለእርሳቸው ስምንት ዓመት የቀደመ ሰዓት የተበላሸ ሰዓት ነው። ፈረንጅ አቆጣጠር ጠፍቷቸው አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ግን የራሳቸው ኮምፒውተር፣ በራሳቸው ቤት፣ በፈረንጅ ይቆጥራል ብለው የሚያስቡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ልጅቷ አንድ ሐሳብ አቀረበች፦ ለአባቷ ውስን መብት ያለው አካውንት እንክፈትላቸው፤ ያኔ ቀኑን መቀየር አይችሉም። በቴክኒክ ትክክል ናት፤ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ዊንዶውስ ሰዓት አያስቀይርም። እኔ ግን አልወደድኩትም። ኮምፒውተሩን በጡረታ ገንዘባቸው የገዙት እርሳቸው ናቸው። ቁጭ ብለን አወራን። ሰርተፍኬቱን በመታወቂያ ምሳሌ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ታዲያ ኮምፒውተሩ ፈረንጅ ነዋ!» ብለው ሳቁ። በራሳቸው እጅ ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ሞኒተሩ ሥር ለጠፉ፦ «ይህ ሰዓት በፈረንጅ ነው፤ አይነካም።» የእጅ ጽሕፈታቸው ያምራል።

ፎቶዎቹ

ያልተሳካው ይኼ ነው። ፎቶሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ፈተሽኩት። ፕሮግራሙ የፋይሎችን አጀማመር እየለየ የሚያገኘውን ያወጣል፤ ስማቸውንና ፎልደራቸውን ግን አይመልስም። ያገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ አስወጣሁ፤ እዚያው ዲስክ ላይ መጻፍ የቀረውንም ማጥፋት ነው። ከፎቶዎቹ የተወሰኑት ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ ግማሻቸው ግራጫ ሆነው። ከፎርማቱ በኋላ ለሁለት ወር በላዩ ሲጻፍበት ስለከረመ ከዚህ በላይ አልጠበቅኩም ነበር። እናት የፈለጉት አንድ ፎቶ ነበር። አልተገኘም።

ለሌላ ቤት የሚወሰድ

እኔ አሁን አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው፤ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ዕለቱን ጭምር። ዓመትና ሰዓት በሁለት አቆጣጠር ሊምታቱብን ይችላሉ። ሐሙስ ግን በየትኛውም አቆጣጠር ሐሙስ፣ እሁድም እሁድ ነው።

«ምን ሆነ?» ከሚለው ይልቅ «መቼ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ መልስ ሰጥቶኛል። ጠዋት ጠዋት የሚመጣ፣ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣ፣ ሱቅ ውስጥ የማይታይ ቤት ግን የሚታይ ችግር ስለ መብራት እየነገራችሁ ነው። ሌላው ሰው ከእናንተ በፊት ምን እንዳስተካከለም ጠይቁ፣ ያለ ወቀሳ። ከተወቀሱ አይነግሯችሁም።

ጥቁር ስክሪን ላይ የሚመጣን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱት። እንግሊዝኛው ባይገባችሁ ለሚገባው ይላካል። ማስጠንቀቂያውን «ግድ የለም፣ አሳልፈኝ» ብሎ መጫን ግን ልማድ አይሁን።   እውነተኛ አጭበርባሪ በመጣ ቀንም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ነው የሚወጣው።

ፎርማትን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ዲስክ አይጠረግም። ሱቅ ስትሄዱ «ችግሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ መልሱን ስሙ፤ መልሱ «ፎርማት እናድርገው» ከሆነ ጥያቄያችሁ አልተመለሰም።

አሁን ያለበት

ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን አልሳተም። ማከፋፈያው አሁንም ማታ ማታ ይጠፋል። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4፣ 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ይህ ማሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟላም። ስለዚያ ከአባት ጋር ሌላ ቡና አለን። የተረፉት ፎቶዎች በሁለት ፍላሽ ተገልብጠዋል፤ አንዱ እናት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አንዱ እህታቸው ቤት ነው።